የእማማ ዘርፌ ቴአትር

የእማማ ዘርፌን ሞት ያረዳኝ ባነር ነው። ሰው ቢሆን ኖሮ ቁጭ በል ይለኛል፣ ውኃ ያቀርብልኛል፣ ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ ይነግረኛል። እኔ የተረዳሁት እንጅባራ ላይ፣ የአዳራሻችን በር ራስ ላይ፣ መሰላል ላይ ወጥቼ፣ ሲባጎ በጥርሴ ነክሼ ባነር ስሰቅል ነው። ፊደል የቆጠርኩት አርባን ካለፍኩ በኋላ ነው። ስለዚህ ጽሑፍ ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የሱቅ ስም፣ ባጃጅ ላይ የተለጠፈ ጥቅስ፣ የመድኃኒት ካርቶን፣ ያገኘሁትን ሁሉ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ አነባለሁ። ያን ለታም አነበብኩ። ፊደሎቹ የክንድ ያህል ናቸው፣ አፍንጫዬ ሥር ናቸው፣ አንድ በአንድ ነው የመጡልኝ። «ዓመታዊው የመድረክ ቴአትርና የሙዚቃዊ ድራማ ሽልማት» ይላል ከላይ። ከሥሩ በሌላ ቀለም፣ «የእናታችን የወይዘሮ ዘርፌ ጓንጉል መታሰቢያ። ነፍስ ይማር።»

«ነፍስ ይማር» የሚለው ላይ ስደርስ ሲባጎው ከጥርሴ አመለጠ። የባነሩ አንድ ወገን ተንጠልጥሎ ቀረ።

«አንተ አንለይ! ምን ያንቀላፋሃል? ቀና አድርገህ ስቀለው እንጂ!» አለኝ ከታች መኳንንት።

«እማማ ዘርፌ ሞቱ እንዴ?»

«አልሰማህም? ሦስት ሳምንት ሆናቸው እኮ። ኔትወርክ ስላልነበረ ይሆናል። በግራ በኩል ትንሽ ከፍ አድርገው።»

ከፍ አደረግኩት። እጄ ታዛዥ ነው፤ ችግሬ ሁሉ ከዚያ ነው የሚመጣው።

መኳንንት የኪነት ክበባችን ሰብሳቢ ነው። አቶ ልለው ይገባ ነበር፣ አልለውም። እኔ የአዳራሹ ዘበኛ፣ መጋረጃ ሳቢና ወንበር ደርዳሪ ነበርኩ። ከዚያ በፊት ፋግታ ለኮማ ከሰል አከስል ነበር። ስለ እኔ ይኸው ይበቃል።

እማማ ዘርፌ የዘንገና አካባቢ ሰው ናቸው። ሙሾ አውራጅ ነበሩ። በዚያ አገር ሰው ሲሞት መጀመሪያ ቄሱ ይጠራል፣ ቀጥሎ እሳቸው። በአማርኛም በአውኚም ያወርዱታል፤ ግማሹን ለቀስተኛ በአንዱ፣ ግማሹን በሌላው እያስለቀሱ ሁለቱንም አንድ ላይ ያነሡታል። ፊደል የሚባል አያውቁም። እኔ ሳላውቅ ባሳለፍኩት ዕድሜ አፍራለሁ፤ እሳቸው አንድ ቀን ሲያፍሩ አላየሁም።

ወደ ክበባችን የመጡት ለአንድ ከሰዓት ነበር። መኳንንት ራሱ ነው ያስጠራቸው። ልምምድ ላይ የነበረ አንድ ቴአትር ውስጥ አባት ይሞታል፣ ልጆች ያለቅሳሉ፤ ልጃገረዶቹ ልቅሶ አልሆንላቸው አለ፣ እንደ ቴሌቪዥን ሳግ ብቻ ሆነ። እማማ ዘርፌ መጡና ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ዓይናቸውን ጨፍነው ነው ሁልጊዜ የሚሰሙት። ጨዋታው እውነት ከመሰላቸው እስከ መጨረሻው ጨፍነው ይቆያሉ። ዓይናቸውን ከገለጡ አለቀልህ፣ ዋሽተሃል።

ያን ቀን ገና እንደተጀመረ ገለጡት።

«ማነው የሞተው?» አሉ።

«አባትየው ነው እማማ» አለች አንዷ።

«ምን ይወድ ነበር?»

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«በሬውን ማን ብሎ ነው የሚጠራው? ከማን ጋር ተጣልቶ ሞተ? ሲስቅ አፉን ይሸፍናል ወይስ ይከፍታል?»

መኳንንት «እሱ ጽሑፉ ላይ የለም እማማ፣ እርስዎ ብቻ ልቅሶውን ያሳዩዋቸው» አለ።

«የማታውቁትን ሰው ነው የምታለቅሱለት? እኔስ ጎረቤቴን ጠይቄ ነው የማለቅሰው» ብለው ተነሡ። ሄዱ ብለን ነበር። ለካ የተነሡት ወንበራቸውን ወደ ፊት ሊያስጠጉ ነው። አራት ሰዓት ሙሉ ልጆቹን ስለዚያ ስለሌለ ሰውዬ ሲጠይቁ ዋሉ። መጨረሻ ላይ አንዲቱ ልጅ ሳይነገራት አለቀሰች። እማማ ዘርፌ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

ከዚያ በኋላ ማንም ሳይጠራቸው ይመጡ ጀመር። ከዘንገና በእግር ይነሡና መንገድ ላይ ያገኙትን ባጃጅ ያቆማሉ፤ ሾፌሩ ካላወቃቸው «የእናትህን ሙሾ ማን እንደሚያወርድ አስበህ ንዳ» ይሉታል። በነፃ ያመጣቸዋል። ተዋናይ መድረክ ላይ እግሩን ካየ፣ «ለቅሶ ቤት ገብተህ ጫማህን ታያለህ?» ይሉታል። ከጮኸ፣ «ሞቶብህ ነው እንጂ ደንቁሮብህ አይደለም» ይሉታል። ቃል ሲያስጠኑ በመዳፋቸው ጭናቸውን ይመቱ ነበር፤ ቃሉ ከምቱ ከወጣ እንደገና ነው፣ ሌላ ምሕረት የለም።

አንድ ነገር ግን አይችሉም። ወጥ። ይህን አስምሬበት ነው የምጽፈው። አንድ ጊዜ ልምምድ ላይ ልጆቹ ራባቸው ብለው ሽሮ ሠርተው አመጡ። ጨው የለበትም፣ ግማሹ ጥሬ ነው፣ ግማሹ አሯል። ሁሉም ዝም ብሎ ሲያላምጥ አንዱ ልጅ «እማማ፣ ይህ የየትኛው ሟች ተዝካር ነው?» አላቸው። ከሁሉም በላይ የሳቁት እሳቸው ናቸው። «ባሌም የሞተው በዚህ ነው» አሉ። ከዚያ ወዲያ ወጥ ብለው ደፍረው አያውቁም።

በሁለተኛው ዓመት መኳንንት ለሽልማቱ የሚወዳደር አዲስ ቴአትር ያስፈልገናል አለ። ሽልማቱ በየዓመቱ ነው። የዳንግላ፣ የአዘናና የአዲስ ቅዳም ክበቦች ይመጣሉ፤ ምርጥ ድርሰት፣ ምርጥ ትወና፣ ምርጥ ሙዚቃዊ ድራማ እየተባለ ዋንጫ ይሰጣል። ሁሉም ክበብ ከተማ ስለሄደች ልጅ ያመጣል፤ ልጅቷ ከተማ ትሄዳለች፣ ትበላሻለች፣ ትመለሳለች፣ መጋረጃ። እኔ ያንን መጋረጃ ስንቴ እንደዘጋሁት።

እማማ ዘርፌ «እኔ አለኝ» አሉ።

የነበራቸው ይህ ነው። አንድ ገበሬ የግጦሽ መሬቱን በሙሉ ዲከረንስ ይተክልበታል፤ ያ ለከሰል የሚተከለው ዛፍ። ጎረቤቱም ይተክላል፣ የጎረቤቱ ጎረቤትም። ሣር ይጠፋል። ፈረሱን የሚያግጥበት ስላጣ ይሸጠዋል። ከዚያ ገበሬው ይሞታል። በእኛ አገር ትልቅ ሰው ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ፣ ተሸልሞ፣ በለቅሶው መሐል ይዞራል። ለቀስተኛው ዘወር ብሎ ፈረሱን ሲፈልግ ፈረስ የለም። የአንዱ ፈረስ ቢጠየቅ የለም፣ የሌላው ቢጠየቅ የለም፤ አገሩ በሙሉ ፈረስ የለውም። ልጅየው የአባቱን ኮርቻ የከሰል ጆንያ ላይ ጭኖ ጎትቶ ያዞረዋል። መጨረሻው ይኸው ነው፤ ዘፈን አለበት፣ ክራር አለበት፣ ሙሾ አለበት። «ፈረስ አልባ ለቅሶ» አሉት።

እኔ ያንን ዛፍ ቆርጬ ከምሬ አፈር አልብሼ ሳነድ የኖርኩ ሰው ነኝ። መጀመሪያ የነገሩን ቀን መጥረጊያዬን ይዤ ወጣሁ፣ ግቢውን ጠረግሁ ጠረግሁ፣ የተጠረገውን እንደገና ጠረግሁ።

ውድድሩ ግን የተጻፈ ይፈልጋል። ካልተጻፈ አይመዘገብም። እማማ ዘርፌ የክበቡን ጸሐፊ ትተው እኔን መረጡ።

«ለምን እኔን?» አልኳቸው። «እኔ ገና ፊደል ላይ እየተንገዳገድኩ ነው።»

«የዚያ ልጅ እጁ ይሮጣል። እኔ ሳልጨርስ እሱ ይጨርስልኛል። አንተ ቃሌን ሳትለቅም አትሄድም። ቀርፋፋ ነህ፣ ተመስገን።»

የጥበቃ ቤቷ ውስጥ፣ ጧት ጧት፣ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ ጻፍን። እሳቸው ጭናቸውን እየመቱ ይናገራሉ፣ እኔ ምላሴን አውጥቼ እጽፋለሁ። ያመለጠኝን ድገሙልኝ ስላቸው ሲደግሙት ሌላ ነው፤ የተሻለ ሆኖ ይመጣል።

«የቱን ልጻፍ እማማ?»

«የሚያስለቅስህን።»

«ሁለቱም ያስለቅሳል።»

«እንግዲያ ሁለቱንም ጻፍ። ልቅሶ በዝቶ ማን ተጎዳ?»

አውኚው ያስቸግረኝ ነበር፤ ድምፁን የሚይዝ ፊደል ስፈልግ ጧቱ ያልቅብኛል። አይቆጡም። ነጠላቸውን ተከናንበው ይጠብቁኛል። የጎልማሶች ትምህርት ቤት ሳለሁ ማንም እንደዚያ ጠብቆኝ አያውቅም።

ሲያልቅ መኳንንት የሰጠኝን የመሸፈኛ ገጽ አወጣሁ። ነጠብጣብ መስመር አለበት። «የደራሲው ስም» ይላል።

«እዚህ ላይ የእርስዎን ስም ልጽፍ ነው» አልኳቸው በኩራት። ስማቸውን በጥሩ እጅ ለመጻፍ ሌላ ወረቀት ላይ ስለማመድ ነበር የሰነበትኩት።

«ተወው» አሉ።

«እንዴት?»

«ሙሾ ላይ የሟች ስም ነው የሚጠራው። አልቃሽ የራሷን ስም ሟች አጠገብ ካስቀመጠች ሞትን ና ግባ አለችው።»

«ይህ ቴአትር ነው እኮ እማማ።»

«ሰው ይሞትበታል?»

«ይሞትበታል።»

«እንግዲያ ሙሾ ነው። ተወው አልኩህ።»

ተውኩት። ጥፋቱ ከእኔ ነው የጀመረው። ከወረቀት ጋር የኖረ ሰው ባዶ መስመር ባዶ ሆኖ እንደማያድር ያውቃል። እሳቸው ከአፍ፣ እኔ ከከሰል የመጣን ሰዎች ነን፤ ባዶ የተተወ ነገር የተከበረ ነገር መሰለን። ያንን ወረቀት በሁለት እጄ፣ ጎንበስ ብዬ፣ እንደ ታቦት ለመኳንንት አስረከብኩት።

«አንተ ነህ የጻፍከው? ጎበዝ!» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ቴአትሩ ታየ። የአዘና ሰዎች ወንበራቸው ላይ ፊታቸውን በጋቢ ሸፈኑ። ልጁ ጆንያውን ሲጎትት አንድ ሽማግሌ ከመቀመጫቸው ተነሥተው «ኧረ ፈረስ አምጡለት!» ብለው ጮኹ። ጨዋታ መሆኑ ጠፍቷቸዋል። አዳራሹ ውስጥ ግጦሹ ላይ ዲከረንስ ያልተከለ ሰው አልነበረም፤ የገዛ ቀብሩን ነው ያየው።

ሽልማቱ የተሰጠው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። እማማ ዘርፌ አዲስ ነጠላ አድርገው ሦስተኛው ረድፍ ተቀምጠዋል፣ እንደ ልማዳቸው ጨፍነዋል። እኔ መጋረጃው ገመድ ላይ ነኝ። የዳኞቹ ሰብሳቢ ወረቀቱን ገለጠ።

«ምርጥ ድርሰት፣ "ፈረስ አልባ ለቅሶ"። ደራሲ...»

የጠራው የመኳንንትን ስም ነው።

ገመዱ እጄ ላይ ነበር። ምን እንደተሰማኝ አልጽፍም፤ ደግ ቃል አይወጣኝም። መኳንንት ወጣ፣ ዋንጫውን ተቀበለ፣ ከንፈሩን ነከስ አድርጎ ያለቀሰ መሰለ። «ይህን ሥራ ስጽፍ ስንት ቀን እህል ውኃ እንደረሳሁ ፈጣሪና እኔ ነን የምናውቀው» አለ። «የሕዝቤ ሕመም ብዕሬን ነጠቀኝ።»

እማማ ዘርፌ ዓይናቸውን ገለጡ። ወደ መድረኩ የሚያዩ መስሎኝ ነበር። ያዩት ግን ወደ መጋረጃው፣ ወደ እኔ ነው። ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ እሳቸው እኔን ያያሉ። ከዚያ ከመድረኩ መጋረጃ የሚል ምልክት ተሰጠኝ፣ ሳብኩ።

በር ላይ ደረስኩባቸው። ያካፋል።

«እማማ...»

«እጅህ ጽፏል» አሉ። «አፍህ የት ሄዶ ነው?»

«እንጀራዬ ነው እማማ። ዛሬ ብናገር ነገ...»

«እህ» አሉ። «እኔ ስሜን አልፈለግሁም፤ ታውቃለህ። ያ መስመር የሟቹ ነበር። መኳንንትን ስምህን እዚያ ጻፍ ያለው ማነው?» አሉኝ።

ነጠላቸውን ተከናንበው በዝናቡ ሄዱ። ባጃጅ እንኳ አላስቆሙም። ወደ ክበቡ አልተመለሱም። በኋላ አዘና ካለች ልጃቸው ዘንድ ሄዱ ሲሉ ሰማሁ። እጠይቃቸዋለሁ እያልኩ፣ የተዘጋው የአዘና መንገድ ሲከፈት እያልኩ፣ ነገ እያልኩ አራት ዓመት አለፈ። መንገዱ የተከፈተባቸው ቀኖችም ነበሩ። አልሄድኩም። ዋንጫው መኳንንት ቢሮ ውስጥ ቁምሳጥን ላይ ነው፤ በየጧቱ አቧራውን የምጠርግለት እኔ ነበርኩ።

እንግዲህ ወደ ባነሩ ልመለስ። ከሰቀልኩት ከአራት ቀን በኋላ፣ ቅዳሜ፣ የዘንድሮው ሽልማት ተሰጠ። አዳራሹ ሞላ። የእማማ ዘርፌ ልጅ ትብለጥ ከአዘና ተጠርታ መጥታለች፤ ጥቁር ለብሳ ከፊት አስቀምጠዋታል። አፍንጫዋም አቀማመጧም እናቷን ነው። አላወቀችኝም፣ እኔም ሄጄ እጇን ለመጨበጥ ፊት አጣሁ።

መድረክ መሪው ፍሬም ያለው የምስክር ወረቀት አነሣና አነበበ። «ለክበባችን ተዋንያን ምግብ በማብሰልና የእናትነት ፍቅር በመለገስ ላበረከቱት...»

ምግብ በማብሰል።

ልድገመው፤ ምግብ በማብሰል። ቴአትሩን ወሰዱ፣ ስሙን ወሰዱ፣ ዋንጫውን ወሰዱ፤ እሱ አልበቃ ብሎ ማንም ያልበላውን ሽሮ መለሱላቸው።

ገመዱን ለቀቅኩት። መጋረጃው በግማሽ ወርዶ ተንጠለጠለ። መድረኩ መሐል ወጣሁ። ማይክራፎን አልነካሁም፤ ከጫካ ጫካ ሰው ስጠራ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ድምፅ አይቸግረኝም።

«ምግብ አብስለው አያውቁም!» አልኩ።

አዳራሹ ሳቀ። የፕሮግራሙ ክፍል መሰላቸው።

«ወጣቸው አይበላም ነበር! እሳቸው ደራሲ ናቸው! "ፈረስ አልባ ለቅሶ" የእሳቸው ነው! እየተናገሩ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በዚህ እጄ። ይህ ሰው የጻፈው ስሙን ብቻ ነው!»

በጣቴ አሳየሁት። ሳቁ ቆመ። አንዱ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። መድረኩ ጠርዝ ላይ የቆሙትን ተዋናዮች አየሁ፤ ግማሾቹ ቃላቸውን ከእማማ ዘርፌ አፍ የተማሩ ልጆች ናቸው። ጫማቸውን ያያሉ።

መኳንንት ምን አደረገ መሰላችሁ? አልተቆጣም። ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ማይክራፎኑን ያዘ፣ አዝኖ ፈገግ አለ።

«አንለይ እንደ እናቱ ነበር የሚወዳቸው» አለ። «ሐዘን ነው። ሰው ሲያዝን የማይለው የለም። ኑ እናበርታው፣ እስቲ አጨብጭቡለት።»

አጨበጨቡልኝ! ሕዝቡ በሙሉ፣ በአዘኔታ፣ ለእብድ እንደሚጨበጨበው። ተሰድቤ አውቃለሁ፣ ተመትቼ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ጭብጨባ ያዋረደኝ ነገር ግን የለም። ብቀጥል እብድ፣ ብተወው አበቃ። ሁለት ልጆች በክንዴ ይዘው ወደ ጎን አወጡኝ። «ጋሼ በቃ፣ ጋሼ በቃ» ይሉኛል።

ከዚያ ትብለጥን ጠሯት። ወጣች። ፍሬሙን ተቀበለችና ቆማ አነበበችው፤ ጊዜ ወስዳ፣ እስከ ታች። መድረክ መሪው ማይክራፎኑን አቀረበላት።

«እናቴ ወጥ አትችልም ነበር» አለች። «ይህን የሚችል ሰው ካለ ይውሰደው።»

ፍሬሙን ተመልሶ በተቀመጠው በመኳንንት ጭን ላይ አስቀምጣ በመሐል መንገዱ ወጣች። ለእሷ ማንም አላጨበጨበም። እኔም ተከተልኩ።

ደጅ ላይ ዞራ ጠበቀችኝ። እንደምታመሰግነኝ ጠብቄ ነበር፤ ሞኝ ነኝ።

«እናቴ የምታወራለት ያ ቀርፋፋ አንተ ነህ?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ስንት ዓመትህ ነው ይህን ካወቅህ?»

«አራት።»

«አራት ዓመት! አዘና ጨረቃ ላይ ነው እንዴ? ደጅ ደጁን እያየች ነው የሞተችው። የከተማ ሰው በመጣ ቁጥር "ያ ልጅ ተናገረ ወይ?" ነው ጥያቄዋ።»

«ስሜን አልፈልግም ብለውኝ ነበር» አልኩ። ለራሴም ቀፈፈኝ ሳወራው።

«ግማሹን ነው የነገረችህ። አልቃሽ በቁሟ ስሟ አይጠራም፣ እውነት ነው። ስትሞት ግን በአርባዋ ሥራዋ ሁሉ በስሟ ይጠራል፤ ያወረደችው አንድ በአንድ። ምስክር ካለ ነው እንጂ። ምስክር ያልቆመለት ሥራ የማንም ነው። እዚያ ቴአትር ላይ ከአንተ በቀር ማን አለ?»

ሰኞ ቁልፍ አስረክብ ተባልኩ። አስረከብኩ።

በአርባቸው ዘንገና ሄድኩ። በእግሬ ነው የሄድኩት፤ ባጃጅ ነበር፣ መሳፈር አልፈለግሁም። ዳሱ ከቤታቸው በላይ ተጥሏል። ካህናቱ ፍትሐቱን ጨርሰው ለመብላት ወደ ዳሱ እስኪገቡ ተጠበቀ፤ እነሱ ሙሾ አይወዱም፣ ግን ሲጀመር ጀርባቸውን ሰጥተው ይበላሉ። ያኔ ሙሾ አውራጇ ተነሡ። የእማማ ዘርፌ የዕድሜ ልክ ባላንጣ የነበሩ አሮጊት ናቸው፤ እማማ አጀቡሽ ይባላሉ። ሁለቱ በአንድ ለቅሶ ላይ ተገናኝተው የማይሰዳደቡበት ቀን አልነበረም አሉ።

«የዘርፌን ሥራ የምታውቁ ተናገሩ» አሉ።

ሰው እየተነሣ ይናገራል። «የአባቴን እሷ ናት ያወረደችው።» «የወንድሜን፣ ወንዝ የወሰደውን።» እማማ አጀቡሽ እያንዳንዱን ተቀብለው፣ ጭናቸውን መትተው፣ የሟቹንና የእማማ ዘርፌን ስም አጋጥመው በሁለት ስንኝ ይመልሱታል። ሴቶቹ ይቀበላሉ። አንድ መምህር፣ አንድ የመንግሥት ሰው የለም። ባነር የለም።

ተነሣሁ።

«ፈረስ አልባ ለቅሶን» አልኩ። «የእንጅባራውን ቴአትር። እሳቸው ናቸው የደረሱት።»

ጉምጉምታ ተነሣ። ብዙዎቹ አይተውታል፣ የመኳንንት ነው ሲባል ሰምተዋል።

እማማ አጀቡሽ አዩኝ። «ምስክር ነህ?»

«ነኝ። አንለይ እባላለሁ፤ ቃላቸውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ሌላው ወሰደው ሲባል ሰምተናል። ሲወስደው የት ነበርክ?»

«እዚያው ነበርኩ።»

«ምን አልክ?»

«ምንም።»

«ለምን?»

ለመኳንንት ብዙ መልስ ነበረኝ። ለዳኞቹም፣ ለትብለጥም ነበረኝ። ለእኚህ አሮጊት የነበረኝ አንድ ብቻ ነው።

«ፈራሁ» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንደተቀበሉኝ ነው ወይስ እንደናቁኝ እስካሁን አላውቅም። ጭናቸውን መቱ። መጀመሪያ በአውኚ አወረዱት፣ ቀጥለው በአማርኛ፦

ዘርፌ ተናገረች፣ አንለይ ለቅሞ ጻፈ፣
ስሟን ሲወስዱባት ዝም ብሎ አለፈ።

ሴቶቹ ተቀበሉ። ደጋገሙት። ዳሱ ውስጥ ያለው፣ ዳሱ ደጅ ያለው፣ ካህናቱ ሳይቀሩ ማላመጣቸውን ቆም አድርገው፣ የእማማ ዘርፌ ስም ከዚያ ቴአትር ጋር ሲጠራ ሰሙ። የእኔም ስም አብሮ፣ ከነፍርሃቱ። ያቺ አገር ሙሾ አትረሳም። አሁን አዲስ ቅዳም ገበያ ስገባ ከኋላዬ የሚያንጎራጉረው ሰው አለ፤ ከሰል የሚጭኑት ልጆች እንኳ ያውቁታል። ዞሬ ልሳደብ እልና እተወዋለሁ። ምኑን ሐሰት ነው እላለሁ?

ያን ለታ ግን ሙሾው ሲያበቃ ከዳሱ ወጥቼ አጥሩን ተደግፌ ቆምኩ። ትብለጥ መጣች። አጠገቤ ቆማ ፊቴን አየችው።

«ከፋህ?» አለችኝ።

«ከፋኝ» አልኳት።

«ይክፋህ» አለች። «እሷ ግን ተጠራች።»